ያበሰልኩት ባሌስትራ

እኔ የብረት አስተማሪ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ እጄን ያያል፣ ቀጥሎ «የልብስ ስፌት ነው ያልሽኝ?» ይላል። ኧረ የምን ስፌት! ብረት ነው ያልኩት። መካነ ሰላም ውስጥ ሙያ ለሚሰለጥኑ ሰዎች ብረት እንዴት እንደሚሞቅ፣ እንዴት እንደሚጠነክርና እንዴት እንደሚደክም አስተምራለሁ። አዎ፣ ብረት ይደክማል። በመጀመሪያው ቀን ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ፈተና ሲደርስ ግን የሚስቅ አላየሁም።

ሌላው ቢቀር ቢቀር የማልዘለው አንድ ትምህርት አለኝ። ጠንካራ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው ውስጡ ከተቀላቀለችው ጥቂት ካርቦን ነው። ብረቱን እሳት ላይ ከልክ በላይ ካቆያችሁት ቆዳው ላይ ያለው ካርቦን ከአየሩ ጋር ተያይዞ ውልቅ ይላል። ውስጡ እንደ ጠነከረ ነው፣ ቆዳው ብቻ ይለሰልሳል፤ የድፎ ዳቦ ግልባጭ በሉት። ሲታጠፍና ሲዘረጋ የሚውል ብረት ከሆነ ደግሞ ጉዱ የሚፈላው ያኔ ነው። በታጠፈ ቁጥር አብዝቶ የሚወጠረው ቆዳው ነውና፣ የለሰለሰው ቆዳ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትከፈታለች፣ ስንጥቋ ቀስ እያለች ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ከዚያ አንድ ቀን ቀጭ! የዚህን ነገር የፈረንጅ ስም ሰልጣኞቼ አንድም ቀን በትክክል ጠርተውት ስለማያውቁ «ካርቦን ማጣት» እንለዋለን። ፈተና ላይ «የብረት መደኸየት» ብለው የሚጽፉም አሉ፤ ግማሽ ነጥብ እሰጣቸዋለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የማውቅ እኔ ነኝ የአባቴን ባሌስትራ አብስዬ የገደልኩት።

አባቴ ሚኒባስ ይነዳል። ከመካነ ሰላም አቀስታ፣ ከአቀስታ መካነ ሰላም፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ መሪ ጨብጦ ነው የኖረው። ዕድሜውን ስትጠይቁት «መኪናዋን ጠይቋት» ይላል። ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንኳ ሰው ድንገት በሩን ሲከፍት ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። እናቴ ታዲያ «አይዞህ፣ አትጋጭም» ትለዋለች።

መኪናዋ ግን አርጅታለች፤ በዚያ ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ ተሳፋሪ እንደያዘች መንገድ ላይ ቆማለች። በፋሲካ ማግስት ደሴ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ መጥቶ፣ በግ ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ ሲያበቃ ነገሩን አነሳ።

«አባዬ፣ ሰው ይዘህ ነው የምትሄደው። ዓይንህም እንደ ድሮው አይደለም። አንዲት ጊዜ ደግማ መንገድ ላይ ካስቀረችህ ትሸጥ። ተስማማን?»

አባቴ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገው፣ ትንሽ አየውና መልሶ ኪሱ ከተተው። «አንድ ጊዜ ካስቀረችኝማ ቁልፉን በገዛ እጄ ነው የምሰጥህ» አለ። አባቴ ቃሉን ይጠብቃል፤ ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ባስነጠሳት ቁጥር እኔና እናቴ እንደነግጥ ጀመር።

ከፋሲካ በኋላ ወር እንኳ ሳይሞላ የግራ ኋላ ባሌስትራ ተኛ። ባሌስትራ መቼም ታውቃላችሁ፣ መኪና ሆድ ሥር ተደራርበው እንደ ቀስት የጎበጡት ብረቶች ናቸው፤ የመንገዱን ዱላ ሁሉ የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። የእኛው ጉብጠቱን ጨርሶ ስለተኛ መኪናዋ ወደ ግራ ዘመም ብላ መሄድ ጀመረች። አልተሰበረም፤ ግን እንደዚያ ሆኖ ገበያ ቀን መጫን አይታሰብም። አባቴ ጓሮ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አዲስ እንዳላስመጣ ደሴ ነው ያለው። ደሴ ከጠየቅሁ ደግሞ ወንድምሽ በማግስቱ ይሰማል» አለኝ። «አንቺስ የተማርሽው ለምኔ ነው?»

ደረቴ አብጦ ሊፈነዳ ደረሰ። አባቴ በሙያዬ ሲለምነኝ የመጀመሪያው ነበራ! «አብሽር አባዬ፣ ለኔ ተወው» አልኩት።

የእኛ ማሰልጠኛ እሳት ያን ሰሞን ተበላሽቶ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ግን አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ አሉ፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራሉ፣ የተኛ ባሌስትራም አሙቀው መልሰው ያጎብጣሉ። እሳቸው ዘንድ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ከሰሉን ባለጉዳዩ ይዞ ይመጣል፣ ወናፉንም የሚነፋው ባለጉዳዩ ራሱ ነው። እሳቸው ብረቱን ያያሉ፣ አንተ እሳቱን ትነፋለህ። እኔም ከሰሌን በማዳበሪያ ከረጢት አሸክሜ፣ ረጅሙን የባሌስትራ ብረት በባጃጅ ጭኜ ሄድኩ። አባቴ ቤት ቀረ። መኪናዋ በድንጋይ ተደግፋ ቆማ ያየ ጎረቤት ሲጠይቀው «እየታጠበች ነው» ይል ነበር አሉ።

ሽማግሌው ሲያዩኝ «መርሐባ፣ መርሐባ» ብለው ተቀበሉኝ። እኔም ገና ሳልቀመጥ ትምህርቴን ጀመርኩ። እስከ ስንት እንደሚሞቅ፣ ከዚያ ቶሎ መውጣት እንዳለበት፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። «ማሻ አላህ፣ መማር ደግ ነው» አሉና ለአርባ ዓመት ሲያደርጉት የኖሩትን ማድረግ ጀመሩ። የሚያሳፍረው፣ የሚያደርጉት ልክ እኔ ያልኩትን ነበር።

ነፋሁ። ብረቱ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ደም መሰለ፣ ከዚያ እንደ በሰለ በርበሬ ቀላ። ልክ በሰዓቱ ጉጠታቸውን ዘረጉ። ያኔ ነው ከደጅ የቅሬው ጠሪ ድምፅ የመጣው። ቅሬ እዚህ እኛ አገር ሞት ሲመጣ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሰፈሩን አንድ ላይ የሚያቆም ማኅበር ነው፤ ጠሪው ከጮኸ ሥራ የለም። ከላይኛው ሰፈር አንድ አዛውንት አርፈው ኖሯል። ሽማግሌው «ኢናሊላሂ!» አሉ፣ ጉጠቱን አስቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ከግድግዳው አወረዱና ወጥተው ሄዱ።

ብረቱ እሳት ውስጥ ነው። ማውጣት ነው ያለብኝ። ከሰልጣኞቼ መሃል እጅግ ሰነፉን ብትጠይቁት «አውጥቶ ማቀዝቀዝ፣ በኋላ እንደገና ማሞቅ» ይላችኋል። እኔ ግን ያን ጊዜ አስተማሪነቴ ከላዬ ላይ ጠፍቶ የእናቴ ልጅ ብቻ ሆኜ ቀረሁ። አንድ ትልቅ ሰው ሐዘን ደርሰው፣ አፈር አልብሰው፣ ደክሟቸው ሲመለሱ ቀዝቃዛ ምድጃ ይጠብቃቸው? እንደገና እሳት ያቀጣጥሉ? ነውር ነው! ትኩሱን ማግኘት አለባቸው። ስለዚህ ወናፉን ያዝኩና ነፋሁ።

ይህም አልበቃ ብሎ ደግ ሰው በላዬ ላይ ዘነበ። አንድ ገበሬ ማረሻ ይዞ መጣ። ሽማግሌው የት እንደሄዱ ነገርኩት፣ ነፍስ ይማር አለ፣ እንዳላበኝ አየና «አንቺ ረፍ በይ እህቴ» ብሎ ወናፉን ከእጄ ነጠቀኝ። ኧረ እሱ እንዴት ይነፋል! ቀጥሎ ሌላ መጣ፣ እሱም የጓደኛውን ድካም አይቶ ተቀበለው። ሦስተኛው ከሰል ጨመረልኝ፤ ያውም ከራሱ። አንድም ሰው የአባቴን ባሌስትራ ለመጉዳት አላሰበም፤ ሁሉም በቅንነት ነው ያቃጠሉልኝ።

እኔስ ምን አደርግ ነበር? አስተምር ነበር! ሥራ ፈት ሆኜ ሦስት ጨዋ ሰሚ አግኝቼማ ዝም አልልም። ከሚንቦገቦገው ብረት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ብረት እሳት ላይ ሲቆይ ካርቦኑን እንዴት እንደሚያጣ፣ ቆዳው እንዴት እንደሚለሰልስ፣ ስንጥቅ ከየት እንደሚጀምር በእጄ እያሳየሁ ተነተንኩላቸው። በጣም ነው የገባቸው። አንደኛው እንዲያውም አገጩን ወደ እሳቱ ቀና አድርጎ፣

«ይሄኛውስ?» አለኝ።

«ይሄ ሌላ ነው» አልኩት።

ወላሂ እንዲህ ነው ያልኩት! ምኑ ሌላ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ሽማግሌው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ተመለሱ። ብረቱን ሲያወጡት ላዩ ላይ ያለው ጥቁር ቅርፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተገሸለጠ ወደቀ። አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ በዛበት መሰለኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«አብሽሩ አባባ፣ አይጎዳውም።»

የተማረ ሰው ስለተናገረ አመኑኝ። አጎበጡት፣ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ነከሩት፣ መልሰው በስሱ አሞቁት። ሲያልቅ ጉብጠቱ እንዲያ ያማረ ባሌስትራ አይቼ አላውቅም። እሳቱን ሞቅ አድርጌ ስለጠበቅኋቸው ረጅም ምርቃት መረቁኝና ሸኙኝ።

አባቴ መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትቆም አይቶ ዙሪያዋን ሦስት ጊዜ ዞረ። እናቴን ጠርቶ «ልጅሽ ናት እንግዲህ!» አላት። ከዚያ በኋላ ሃያ ምናምን ቀን የከተማው ሾፌር ሁሉ ስለ እኔ ሰማ። አንዱ ሾፌር መንገድ ላይ አስቁሞኝ የራሱን ባሌስትራ እንዳይለት የለመነኝ ጊዜ ዝም ብዬ አልሄድኩም፤ ምክር ሰጠሁት። አይ እኔ!

ሃያ ምናምኑ ቀን ሲያልቅ፣ በገበያ ቀን፣ አባቴ ከአቀስታ ሲመለስ ባሌስትራው ተሰበረ። መኪናዋ ዳገቱን ሁሉ ወጥታ ጨርሳ፣ ሜዳው ላይ ስትደርስ ነው በግራ ቁጢጥ ያለችው። ሰው አልተጎዳም፣ እግዜር ይመስገን። የአንዲት ሴት ዶሮ አምልጣ ተሳፋሪው ገሚሱ ዶሮ ሲያባርር፣ አንድ ቄስ ጃንጥላቸውን ይዘው ዶሮዋን ከፊት እየመለሱ ነበር አሉ። አባቴ ግን ከመኪናው ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ከዚያ እዚያው ቆሞ ለወንድሜ ደወለለት፤ «ና ቁልፍህን ውሰድ» አለው።

በማግስቱ ስብርባሪውን ይዤ ወደ ማሰልጠኛው ሄድኩ። ማየት ብቻ በቂ ነበር፦ የስብራቱ ገሚስ ጠቁሮ ለስልሷል፣ ገሚሱ አዲስና ሻካራ ነው። ስንጥቋ በአንድ ቀን አልመጣችም ማለት ነው፤ ከላይኛው ቆዳ ተነስታ ለቀናት ወደ ውስጥ ስትሳብ ከርማለች። ሞረድ አነሳሁና ቆዳውን ሞረድኩት። ጠንካራ ብረት ሞረድን ያንሸራትታል እንጂ አያስነክስም። ይሄ ግን እንደ ሳሙና ተፋቀልኝ። ጠለቅ አድርጌ ወደ ውስጥ ስሄድ ሞረዱ ተንሸራተተ። በቃ። ማን እንደገደለው አወቅሁ።

ለምን ያን ቀን አልተናገርኩም? ላስብበት ብዬ ነው። በማግስቱ እንግዳ ነበር። በሦስተኛው ቀን አባቴ ተኝቶ ነበር። በአራተኛው ቀን ልናገር ስል እናቴ ምሳ አቀረበች፣ ምሳ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። እውነቱን ልናገር? አፍሬ ነው። ብረት አስተማሪ ብረት አቃጠለች ከሚባል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

እኔ ሳፍር አባቴ ማርጀት ጀመረ። ቀልድ አይደለም፣ ዓይኔ እያየ ነው። መጀመሪያ ጠዋት መነሳት ዘገየ። ከዚያ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ መያዝ ጀመረ፣ እግሩንም ከማሳረፉ በፊት መሬቱን ይፈትሻል። መኪናዋ ተጎትታ መጥታ ግቢ ውስጥ በድንጋይ ተደግፋ ቆማለች፤ በአጠገቧ ሲያልፍ አያያትም። እናቴ ከገበያ ከዘራ ገዝታ አመጣችለት። እሱም አመስግኖ ተቀበላት።

ከሁሉ የባሰው ግን ጉድጓዱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠይቀው ለመጣ ጎረቤት «ዓይኔ ከድቶኛል፣ ጉድጓድ ነበረ፣ አላየሁትም» አለው። እዚያ ሜዳ ላይ ጉድጓድ የለም! መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ብረቱን ላመጣ የሄድኩ ጊዜም ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ምንጣፍ ነው። ምንም ሳይሆን ባሌስትራ ሊሰበር እንደማይችል ስለሚያውቅ፣ ልጁ የሠራችው ብረት ደግሞ ጥፋት ሊኖረው እንደማይችል ስላመነ፣ አስቦ አስቦ ጉድጓድ ፈጠረ። ጉድጓዱም በየቀኑ ይጠልቅ ጀመር። መጀመሪያ ስንዝር ነበረ፤ በሳምንቱ እስከ ጉልበት ደረሰ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ወንድሜ ከደሴ መጣ። መኪናዋን ሊገዛ የሚያይ ሰው በማግስቱ ይመጣል አለ። አራታችን ምሳ ላይ ተቀምጠን አባቴ ጉድጓዱን አንድ በአንድ ነገረው። ጉድጓዱ በዚያን ቀን ጥጃ ይውጣል። «ልጄ፣ አንተ ልክ ነበርክ። ይህን የሚያህል ጉድጓድ ያላየ ሰው ሰው ጭኖ መሄድ የለበትም» አለና ቁልፉን ወደ ወንድሜ ገፋው።

ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ መሶቡን ልገለብጠው ነበር። ጓዳ ገብቼ ስብርባሪውን በአንድ እጄ፣ ሞረድ በሌላ እጄ ይዤ መጣሁና ብረቱን ወንድሜ ጭን ላይ ጣልኩት።

«ሞርደው!» አልኩት።

«ምን?»

«ሞርደው እልሃለሁ!»

ነጭ ሸሚዙን ሰብስቦ ሞረደ። «እንደ ሳሙና ነው እኮ» አለ።

«አሁን ጨምር፣ ወደ ውስጥ።» ሞረዱ ተንሸራተተ። «አየህ? ቆዳው ሞቷል። ጉድጓድ የለም፣ የአባዬ ዓይንም አይደለም። እኔ ነኝ እሳት ላይ ያቆየሁት፤ ሰዓት ተኩል!»

ወንድሜ «ያ ቀጥቃጭ ነዋ» ሊል ሲጀምር «እሳቸውማ በዛበት ብለውኝ ነበር» አልኩ፣ ሁሉንም ዘርግፌ ነገርኳቸው፤ ቅሬውን፣ ገበሬዎቹን፣ ያስተማርኩትን ትምህርት ሳይቀር።

«አንቺ ይህን አይደል እንዴ የምታስተምሪው?» አለ ወንድሜ።

«እሱን ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ምን ልበልህ!»

እናቴ «ደግ ነው ሐዘንተኞቹ ሽማግሌውን ቶሎ የለቀቋቸው፤ ትንሽ ቢቆዩማ አመድ ይዘሽልን ትመጪ ነበር!» አለች። ወንድሜ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ አሥራ ስድስት ቀን የያዝኩት ነገር ስለወጣልኝ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። አባቴ አልሳቀም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለኝ።

«በተሰበረ ማግስት።»

በጣቶቹ ቆጠረ። አንድ እጁ አልበቃውም፣ ሁለተኛውንም ጨርሶ እንደገና ጀመረ።

«ብረቱን ማቃጠልሽን ተይው» አለ። «ለሽማግሌ ብለሽ ነው፣ ደግ አድርገሻል። ግን አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ አርጅቼ ከረምኩ እኮ፣ ልጄ።»

ጉልበቱ ላይ ወደቅሁ። ይቅር አለኝ፤ አባት መቼም ይቅር ይላል። ወንድሜ ቁልፉን መልሶ ሰጠው፣ ሰውየውንም ደውሎ አስቀረው፣ በሳምንቱ አዲስ ባሌስትራ ከደሴ እስከ መካነ ሰላም ጭኑ ላይ አቅፎ አመጣ። ወደ ሽማግሌውም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ «እኔም ማውጣት ነበረብኝ» ብለው ጥፋቱን ለሁለት ሊያካፍሉኝ ሞከሩ፤ እምቢ አልኩ።

አባቴ አሁን ይነዳል። ባለፈው ከፊት ወንበር አጠገቡ ተቀምጬ ወደ አቀስታ ሄድን። ጥሩ አድርጎ ነው የሚነዳው፣ ያው እንደ ድሮው፤ እየቀለደ፣ ሰው እየሰደበ። ባሌስትራው የተሰበረበት ሜዳ ላይ ስንደርስ ግን ጨዋታውን አቋረጠ፣ ማርሽ ቀነሰ፣ መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዞ ከመንገዱ ጠርዝ ጥግ ጥጉን ቀስ እያለ ዞረና ወደ መሃል ተመለሰ። መንገዱ ባዶና የተስተካከለ ነበር።

«ምን ነበር ሾፌር?» አለ ከኋላ አንድ ተሳፋሪ።

«ጉድጓድ» አለ አባቴ።

እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።